የተበየደ ድራግ ሊንክ፦ በአሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ላይ እንዴት እንደሚለይና እንደሚቀየር

መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፣ ወይም ባዶውን ደህና የነበረ መኪና ሲጫን መሪው በራሱ ሲዞር፣ በየመንገዱ ዳር የሚሰጠው መፍትሔ የታወቀ ነው። ድራግ ሊንኩ ይፈታል፣ ይቆረጣል፣ አጥሮ ወይም ቧንቧ ተጨምሮበት ይበየዳል፣ በግራይንደር ይስተካከላል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። መሪውም ቀጥ ይላል።

ድራግ ሊንክ በኤን ፒ አር ላይ ከስቲሪንግ ቦክሱ (የመሪው ማርሽ ሳጥን) በሚወጣው ክንድ፣ ማለትም ከፒትማን አርም፣ ተነስቶ ወደ ኋላ በመሄድ የግራውን ናክል (ጎማው አብሮት የሚዞረው መጋጠሚያ) ክንድ የሚገፋና የሚስብ ዘንግ ነው። የግራው ጎማ የዞረውን ደግሞ ታይ ሮዱ ወደ ቀኙ ያሻግረዋል። ስለዚህ ድራግ ሊንኩ ከተሰበረ አንድ ጎማ ሳይሆን ሁለቱም ከሾፌሩ እጅ ይወጣሉ። ፍሬን ቢበላሽ የእጅ ፍሬን አለ፣ ማርሽ አለ። መሪ ተጠባባቂ የለውም።

ብየዳው ለምን አይሆንም? እነዚህ ዘንጎችና ክንዶች ድካምን (ተደጋጋሚ ጫናን) እንዲችሉ ተመርጦ የተሠራና ብዙውን ጊዜ በሙቀት የታከመ መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት ናቸው። በአርክ ሲመቱት ከብየዳው መስመር ጎን ያለው ቀጭን ክፍል በጣም ግሎ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ያ ክፍል ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ በብዛት የሚሠራበት 6013 ኤሌክትሮድ ለበርና ለመስኮት ጥሩ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ብረት ላይ ግን የሚያስገባው ሃይድሮጅን ስንጥቅ ይወልዳል። ብየዳው ራሱ አይሰበርም፣ የሚሰበረው ከጎኑ ነው። በያጁ «ብየዳዬ አልለቀቀም» ሲል እውነቱን ነው። ቦታውን ብቻ ነው የሳተው።

ሳይፈቱ መለየት

ካቢኑን አንሱ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት አስደግፉ። ድራግ ሊንኩን፣ ፒትማን አርሙንና ሁለቱን የናክል ክንዶች በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ እጠቡ። በደረቀ ግሪስና በአቧራ የተሸፈነ ዘንግ ላይ የሚደረግ ምርመራ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በመብራት ሳይሆን በጣት ጀምሩ። አውራ ጣትና አመልካች ጣታችሁን ዘንጉ ዙሪያ አድርጋችሁ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ፋብሪካ የሠራው ዘንግ በጠቅላላው አንድ ዓይነት ነው፤ ቢታጠፍ እንኳ እጥፋቱ ለስላሳ ነው። የተበየደው ላይ በአንድ ቦታ ትንሽ ወፈር ወይም ሳሳ ይላል፣ የግራይንደር ዲስክ የተወው ጠፍጣፋ ፊትም ጣት ላይ ይሰማል። ዓይን በቀለም ይሸወዳል፣ ጣት አይሸወድም። በካሊፐር በየ5 ሳ.ሜ ዲያሜትሩን ብትለኩ ደግሞ ጥርጣሬው በቁጥር ይረጋገጣል። የ1 ሚ.ሜ ልዩነት በአንድ ቦታ ብቻ ከታየ ቀለሙን አንሱት።

ቀለሙ ሲነሳ ምንም ካልታየ የጠመኔ ምርመራ አድርጉ። ቦታውን በአሸዋ ወረቀት አጽዱ፣ ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ 20 ደቂቃ ያህል ተዉት። በደረቅ ጨርቅ በደንብ ጠርጉትና የተፈጨ ጠመኔ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ተመልሶ እየወጣ ጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይሥላል። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ላይ ድረስ የደረሰ ስንጥቅን ብቻ ነው። ንጹሕ መሆኑ የተበየደን ዘንግ ነጻ አያወጣውም።

ብየዳ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ሌላው የተለመደ ማሻሻያ የሌላ መኪና ቦል ጆይንት (በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ማስገባት ነው። የቦል ጆይንቱ እግር ሾጣጣ ነው፤ በጃፓን መኪኖች ሾጣጣነቱ በአብዛኛው 1 ለ 8 ሲሆን የአውሮፓዎቹ 1 ለ 10 ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ተለዋውጠው ሲገቡ ግን እግሩ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በአንድ ጠባብ ቀለበት ብቻ ይነካዋል። ዳዶው ጠብቋል፣ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን) ገብቷል፣ እግሩ ግን ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀሳል። ምልክቱ እግሩ ክንዱ ውስጥ ከሚገባበት ከንፈር ላይ የሚወጣ ቡናማ ዱቄት ነው። ተራ ዝገት አይደለም፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ያመጣው ነው። አንዳንዴ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ገብቶ ይገኛል። ይህን ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ። ጎማዎቹ መሬት ላይ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በአጭር በአጭሩ ያወዛውዝ። እናንተ እጃችሁን በየመጋጠሚያው ላይ አድርጉ፤ ግማሹ ጣት በእግሩ በኩል፣ ግማሹ በዘንጉ በኩል። ሁለቱ እኩል ካልተንቀሳቀሱ ልቅነቱ ያለው እዚያ ነው። ጎማውን ክሪክ ላይ አንስቶ መነቅነቅ ለኪንግ ፒን (ናክሉ የሚዞርበት ፒን) እና ለኩሽኔታ ነው፤ ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዳም።

መጀመሪያ ለምን እንደተቆረጠ

ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። አዲስ ኦሪጅናል ድራግ ሊንክ ገዝቶ ይመጣል፣ ይገጥመዋል፣ መሪው ጠማማ ይሆናል። ከዚያ «ልኩ አይደለም» ይባልና አዲሱም ይቆረጣል። ዘንጉ ልኩ ነበር፤ ልኩ ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አራት ነገሮችን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው አክሰሉ ነው። ከባሌስትራው (አክሰሉ ላይ የሚታሰረው የብረት ቅጠሎች ድርብርብ) የፊት ፒን መሃል እስከ አክሰሉ መሃል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። ሁለቱ በ5 ሚ.ሜ እንኳ ከተለያዩ ባሌስትራውን የሚያስረው የመሃል ብሎን ተቆርጦ አክሰሉ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። የብሎኑ ራስ አክሰሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ድራግ ሊንኩ ርዝመቱ የማይለወጥ ስለሆነ፣ አክሰሉ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ጎማው ይዞራል፤ ሾፌሩም መሪውን አዛብቶ ይይዛል። ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱም የመሃል ብሎንና አዲስ ዩ ቦልት ነው።

ሁለተኛው ባሌስትራው ራሱ። ከልክ በላይ ለመጫን ተብሎ ቅጠል ሲጨመርበት ሻንሲው ከፍ ይላል፣ ድራግ ሊንኩም ቁልቁል ያዘነብላል። አክሰሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚሄድበት ቅስትና የድራግ ሊንኩ ጫፍ የሚሄድበት ቅስት ስለማይገናኙ በየጉድጓዱ መሪው ይዞራል። ይህን ማሳጠርም ማስረዘምም አይፈውሰውም። የተጨመረው ቅጠል ይወጣል፣ አለበለዚያ ችግሩ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ፒትማን አርም ነው። ርዝመቱን ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ለኩና ከተመሳሳይ ሞዴል መኪና ጋር አወዳድሩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አርሙ ትክክለኛው ሆኖ ጥርስ ዘሎ የተገጠመ ነው፤ በቦክሱ ዘንግና በአርሙ ላይ ያሉት የፋብሪካ ምልክቶች ፊት ለፊት መገናኘት አለባቸው። አራተኛው የናክል ክንድ ነው። ድንጋይ የመታው ክንድ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ክንድ ደግሞ በእሳት አይቃናም፤ ይቀየራል።

የቦክሱን መሃል ማግኘትም የዚሁ ምርመራ አካል ነው። ድራግ ሊንኩ ሲፈታ መሪውን ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩና ዙሩን ቁጠሩ። ለምሳሌ 5 ዙር ከሆነ መሃሉ 2.5 ላይ ነው። እዚያ ላይ የመሪው ክንፎች አግድም ካልሆኑ መሪው ከዘንጉ ላይ ተነቅሎ ተዛውሮ ተገጥሟል ማለት ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ስቲሪንግ ቦክሱ የተሠራው መሃሉ ላይ በጣም እንዲጠብቅ፣ ወደ ጥጎቹ ትንሽ እንዲላላ ተደርጎ ነው። በተቆረጠ ድራግ ሊንክ የሚሄድ መኪና ቀጥታ መንገድ ላይ ከመሃል ውጭ ባለው ልል ቦታ ይሠራል። ሾፌሩ «መሪው ጨዋታ አለው» ይላል፣ መካኒኩ የቦክሱን ማስተካከያ ብሎን ያጠብቃል፣ ከዚያ መሪው ከጥምዝ ሲወጣ መሃሉ ላይ ይይዝና አይመለስም። የቦክሱ ጥርስ መበላት ይጀምራል። አንዱ ቁርጥ ሌላ ቁርጥ ይወልዳል እንጂ ነገሩ እዚያ አያበቃም። ማስተካከያ ብሎኑ ተነካክቶ ከሆነ ወደ ልኩ የሚመለሰው ድራግ ሊንኩ ተፈትቶ፣ ቦክሱ መሃል ላይ ሆኖ ነው።

ዕቃው ሲገዛ

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ሳይሆን ከሻንሲው ላይ አንብባችሁ ጻፉና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሞዴሉን፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የመሪውን ወገን ጨምሩበት። የአይሱዙ ዕቃ ቁጥር ብዙ ጊዜ 8-97 ብሎ ይጀምራል፤ ሻጩ በዚያ ቁጥር እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። የድሮውን ይዞ ሄዶ «እንደዚህ ያለ» ማለት እዚህ አይሠራም፤ የድሮው ተቆርጦ ልኩ የጠፋ ነውና።

በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ድራግ ሊንክ አንዳንዴ ከአዲስ አስመሳይ ይሻላል፤ ነገር ግን ከላይ ያለውን የጣትና የጠመኔ ምርመራ ሱቁ በር ላይ አድርጉለት። አዲሱን ስትገዙ እግሩን በእጅ አወዛውዙት። ጥሩ ቦል ጆይንት ጠንከር ብሎ፣ እኩል በሆነ ግፊት ይንቀሳቀሳል። እንደ ደወል ምላስ የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት። አብሮ የሚገዛው፦ 2 አዲስ ዳዶ፣ 4 ኮፒሊያ (2ቱ መጠባበቂያ)፣ ግሪስ፣ የመሃል ብሎን ካስፈለገ 2።

መፍታት

1. የፊት አክሰሉን ቢያንስ 5 ቶን በሚችል ክሪክ አንሱና በሁለት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻውን ሆኖ ማንም ሰው ከሥር አይገባም።

2. ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ፣ መሪው አሁን ያለበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። የድሮውን ድራግ ሊንክ ርዝመት ሳይፈታ ከእግር መሃል እስከ እግር መሃል ለክታችሁ ጻፉ። ከአዲሱ ጋር ሲወዳደር ስንት እንደተቆረጠ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

3. ኮፒሊያዎቹን አውጡ። ዳዶውን እስከ እግሩ ጫፍ ድረስ ፍቱት፣ ግን አታውልቁት። እግሩ ሲለቅ ዘንጉ ፊታችሁ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ነው።

4. ፑለር (ማላቀቂያ መሣሪያ) ግጠሙና ወጥሩ። ካልለቀቀ፣ ፑለሩ እንደተወጠረ ሆኖ የክንዱን ዓይን ከሁለት ወገን በሁለት መዶሻ እኩል ምቱ። የሚመታው የክንዱ ዓይን ጎን ነው። የእግሩን ጫፍ የመታ ሰው ክሩን ያደቅቀዋል። እሳት አይነካም፣ ክንዱ የሚቀየር ካልሆነ በቀር። ሹካ የሚባለው ሽብልቅ ይሠራል፤ የጎማ ሽፋኑን ግን ስለሚቀድድ ለሚጣል ዕቃ ብቻ ነው።

ፒትማን አርሙ የሚፈታ ከሆነ በትልቅ ፑለር ብቻ። አርሙን ለማስለቀቅ የቦክሱን ዘንግ የሚመታ ሰው በውስጡ ያሉትን ጥርስና ኩሽኔታዎች ነው የሚመታው።

መግጠም

የክንዱን ሾጣጣ ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ግሪስ አይገባም፤ ሾጣጣው የሚይዘው ደረቅ ብረት ደረቅ ብረትን ሲጨብጥ ነው። የአዲሱን እግር ሾጣጣ ክፍል በማርከር ወይም በሻማ ጥቀርሻ በስሱ ቀቡት፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ በእጅ ተጫኑና ትንሽ አዙራችሁ አውጡት። ቀለሙ ቢያንስ በሦስት አራተኛው ላይ እኩል ከተፋቀ ተስማምቷል። ላይኛው ወይም ታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ቀለበት ከታየ ዕቃው አይደለም፣ ወይም የድሮው ልቅ እግር ቀዳዳውን በልቶታል። የተበላ ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ተወስዶ አይሰፋም፤ ክንዱ ይቀየራል።

ቦክሱን መሃል ላይ፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ድራግ ሊንኩን አስገቡ። በእጅ ሊገባ ይገባል። ጎማውን በግድ ማዞር ካስፈለገ ወደ አራቱ ምክንያቶች ተመለሱ፤ አንዱ ቀርቷል። አንድ ጫፉ በክር የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ትንሹን ልዩነት እዚያ ታገኙታላችሁ፤ ክሩ ግን ውስጥ የቀረው ከውፍረቱ አንድ ጊዜ ተኩል ማነስ የለበትም። 22 ሚ.ሜ ክር ከሆነ 33 ሚ.ሜ ውስጥ ይቅር።

ዳዶውን ማኑዋሉ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ 1 ሜትር ክንድ ላይ 1 ኪሎ ግፊት ወደ 10 ኒውተን ሜትር እንደሚሆን አስቡና በሻንጣ ሚዛን ጎትቱ፤ 150 ኒውተን ሜትር ማለት በ1 ሜትር ላይ 15 ኪሎ ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልተገናኘ ወደ ፊት ጨምሩ። ወደ ኋላ ማላላት ክልክል ነው፤ የላላ ሾጣጣ ነው ያ ቡናማ ዱቄት የሚጀምርበት። ኮፒሊያው ቀዳዳውን የሚሞላ ይሁን፤ ሽቦና ሚስማር ኮፒሊያ አይደሉም።

ግሪስ በፓምፕ ስጡ፣ በጎማ ሽፋኑ ከንፈር በኩል ትንሽ እስኪታይ። ሽፋኑ እንደ ፊኛ ሲነፋ ካያችሁ አልፋችኋል።

ታይ ሮዱና መሪው አይምታቱ

የመሪውን ቀጥታነት የሚወስነው ድራግ ሊንኩ ነው። የሁለቱን የፊት ጎማዎች እርስ በርስ መተያየት የሚወስነው ታይ ሮዱ ነው። መሪን ለማቅናት ታይ ሮድ የሚያዞር ሰው መሪውን ሳያቀና ጎማ ይበላል።

ድራግ ሊንክ ብቻ ከተቀየረ ታይ ሮዱ መነካት የለበትም፤ መለካት ግን አለበት፣ ቀደም ሲል የነካው ሊኖር ይችላልና። በሁለቱ ጎማዎች የኋላ ፊት፣ በአክሰሉ ቁመት፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉና መሃላቸውን በሜትር ለኩ። መኪናውን ወደ ፊት ግማሽ ዙር ግፉት፣ ምልክቶቹ ከፊት ሲመጡ እንደገና ለኩ። የፊተኛው ልኬት ከኋለኛው ትንሽ ማነስ አለበት፤ መጠኑን ከማኑዋሉ ውሰዱ።

ማስተካከል ካስፈለገ ምን ያህል እንደሚዞር አስቀድማችሁ አስሉ። የጎማው ዲያሜትር 80 ሳ.ሜ፣ የናክሉ ክንድ 18 ሳ.ሜ ቢሆን፣ ታይ ሮዱ 1 ሚ.ሜ ሲረዝም ጎማው ላይ ልዩነቱ ወደ 4.4 ሚ.ሜ ይሆናል። የታይ ሮዱ ቧንቧ አንዱ ጫፍ ቀኝ፣ ሌላው ግራ ክር ስለሆነ በአንድ ዙር የሁለቱን ክር ያህል ይረዝማል፤ ክሩ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.5 ሚ.ሜ ከሆነ 3 ሚ.ሜ፣ ጎማው ላይ 13 ሚ.ሜ አካባቢ። ሩብ ዙር ማለት ከ3 ሚ.ሜ በላይ ነው። ስለዚህ «ትንሽ አዙርለት» የሚባል ነገር የለም፤ ስምንተኛ ዙር አዙሩ፣ ለኩ፣ ድገሙ። ሲያልቅ የማቀፊያ ብሎኖቹን አጥብቁ።

ከመንዳት በፊት

የፊት ጎማዎቹን እንደገና ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ሁለቱም ጥግ ድረስ አዙሩ። ናክሉ ማቆሚያ ብሎኑን መንካት ያለበት ቦክሱ ከማለቁ በፊት ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ከመሃል ያለው ዙር እኩል ይሁን። ዘንጉ ከጎማ፣ ከባሌስትራና ከፍሬን ቱቦ ቢያንስ አንድ ጣት ውፍረት ይራቅ። ከዚያ መኪናውን መሬት አሳርፉና ሻንሲውን በክሪክ ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ሌላ ሰው መሪውን ይመልከት። ሲነሳና ሲወርድ መሪው በጣም ትንሽ ይነቃነቅ ይሆናል፤ ሩብ ዙር ከሄደ የባሌስትራው ጉዳይ አልተፈታም።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ መኪና፣ ሰው የሌለበት ሜዳ፣ 20 ኪ.ሜ በሰዓት፣ ጠንከር ያለ ፍሬን። ቀጥሎ ተጭኖ ያንኑ። 200 ኪ.ሜ ከሄደ በኋላ የማቀፊያ ብሎኖችንና ዩ ቦልቶችን እንደገና አጥብቁ፤ ኮፒሊያ ያለበት ዳዶ ግን በዓይን ይታያል እንጂ አይነካም።

የድሮውን ድራግ ሊንክ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በግራይንደር ለሁለት ቁረጡት፣ ሁለቱንም ቦል ጆይንት ዓይኖች ጭምር። ሙሉውን ከሰጣችሁት አንድ ሰው ያጥበዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ተመልሶም መደርደሪያ ላይ ይወጣል።